የጀርባ አጥንት ሥዕልና የወገብ ሕመም

በዓለም ላይ ሰውን ከሥራው ከሚያስቀሩት ደዌዎች መካከል የወገብ ሕመምን የሚያህል የለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. በተደረገው ግምት መሠረት 619 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። ሕመሙ ባለጠጋና ድኻ፣ ከተሜና ባላገር አይለይም፤ ቀኑን ሙሉ ሰሌዳ ፊት የሚቆመውን መምህር፣ መሪ ጨብጦ የሚውለውን ሾፌር፣ በምጣድ ላይ ጐንበስ ብላ የምትጋግረውን እናት ሁሉ ያገኛል።

በዚህ ወር ትምህርታችን የምንጽፈው ግን ስለ ሕመሙ ብቻ ሳይሆን ሕመሙን ተከትሎ ስለሚመጣው ወረቀት ጭምር ነው። ኤም አር አይ የሚባለው መሣሪያ በአዲስ አበባና በሌሎች ታላላቅ ከተሞች መገኘት ከጀመረ ወዲህ ብዙ ሰው ከፍ ያለ ገንዘብ ከፍሎ የወገቡን ሥዕል ያስነሣል፤ ሥዕሉን የሚያብራራውንም ወረቀት በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ወረቀቱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ታማሚው የሐኪሙ ቀጠሮ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶት ወደ ጎረቤቱ መምህር ወይም ወደ ተማረ ዘመዱ ይሄድና «እስቲ ምን ይላል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚያች ሰዓት የሚነገረው አንድ ቃል ሰውየውን ወደ ሥራው ሊመልሰው ወይም ለወራት አልጋ ላይ ሊያስተኛው ይችላል። እንግዲህ አንባቢዎቻችን እንዲህ ያለ ጥያቄ በቀረበላቸው ጊዜ በማስተዋል ይመልሱ ዘንድ፣ ራሳቸውም ቢታመሙ በከንቱ እንዳይሸበሩ፣ ይህን ትምህርት አዘጋጅተናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. አከርካሪ እንዴት እንደ ተሠራ

አከርካሪ ከራስ ቅል ሥር ተነሥቶ እስከ ጭራ አጥንት ድረስ እንደ ዶቃ የተደረደሩ አጥንቶች ስብስብ ነው። ከእነዚህም 7ቱ በአንገት፣ 12ቱ ከደረት በስተጀርባ፣ 5ቱ በወገብ ይገኛሉ። ከወገብ በታች ያሉት ግን እርስ በርሳቸው ተጋጥመው እንደ አንድ አጥንት ሆነዋል። በአንዱ አጥንትና በሌላው መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ አለ። የዲስኩ ውጫዊ ክፍል በብዙ ድርብ የተጠቀለለ ጠንካራ ሽፋን ሲሆን ውስጡ ውሃ የበዛበት ልስልስ ነገር ነው። ሰው ሲራመድ፣ ሲዘል፣ ሸክም ሲያነሣ ክብደቱን የሚያበርደው ይህ ትራስ ነው።

ከአጥንቶቹ በስተኋላ ባለው ቦይ ውስጥ ኅብለ ሠረሠር ያልፋል። ኅብለ ሠረሠር ወገብ አጠገብ ሲደርስ ያበቃና ከዚያ በታች ነርቮቹ እንደ ፈረስ ጭራ ተበትነው ወደ እግር፣ ወደ ፊኛና ወደ ሰገራ መውጫ ይወርዳሉ። ይህን ሁሉ ደግፈው የሚያቆሙት ጅማቶችና ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ የወገብ ሕመም ከዲስክ ብቻ ሳይሆን ከጡንቻ፣ ከጅማት፣ ከመጋጠሚያ ወይም ከነርቭ ሊነሣ ይችላል።

በአገራችን «ዲስክ ተንሸራተተ» የሚለው አነጋገር የተለመደ ነው። ነገሩ ግን እንደ አነጋገሩ አይደለም። ዲስክ ከላይና ከታች ካሉት አጥንቶች ጋር ተጣብቆ የተሠራ በመሆኑ እርጥብ ሳሙና ከእጅ እንደሚያመልጥ ከቦታው አያመልጥም። የሚሆነው ጠርዙ ጥቂት ወደ ውጭ መነፋቱ ወይም ሽፋኑ ተሰንጥቆ ከውስጡ ጥቂት ማፈትለኩ ነው። «ተንሸራተተ» የተባለ ሰው በተንቀሳቀሰ ቍጥር ወገቡ የሚፈርስ ስለሚመስለው፣ ይህን ቃል ብንተወው መልካም ነው።

2ኛ. ሥዕሉ ምን ያሳያል፣ ምንስ አያሳይም?

ቪልሄልም ሮንትገን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ። ራጅ አጥንትን አጥርቶ ያሳያል፤ ዲስክንና ነርቭን ግን አያሳይም። በ1971 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ የጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ ሥራ የሆነው ሲቲ ስካን ለመጀመሪያ ጊዜ በበሽተኛ ላይ ተሞከረ፤ ይህም በራጅ ጨረር ገላን እንደ ዳቦ ቍራሽ በስሱ እየከፈለ የሚያሳይ ነው። ኤም አር አይ ግን የራጅ ጨረር አይጠቀምም። በብርቱ ማግኔትና በራዲዮ ሞገድ ኃይል በገላ ውስጥ ከሚገኘው ውሃና ስብ ምልክት ተቀብሎ ሥዕል ይሠራል። ለዚህ ሥራ መሠረት የጣሉት ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ በ2003 ዓ.ም. የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ኤም አር አይ የውሃን መጠን ስለሚለይ፣ በአንደኛው ዓይነት ሥዕል ላይ ውሃ የሞላበት ዲስክ ነጣ ብሎ፣ ውሃው የቀነሰ ዲስክ ደግሞ ጠቍሮ ይታያል። ታማሚዎች «ዲስኬ ጠቍሯል ተባልኩ» እያሉ የሚጨነቁበት ይኸው ነው፤ ጥቍረቱ የውሃ መቀነስ ምልክት እንጂ የመበስበስ ምልክት አይደለም።

ነገር ግን ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱም ሕመምን ፎቶግራፍ አያነሣም። የአንድ ቤት ፎቶግራፍ የግድግዳውን መሰንጠቅ ያሳያል፤ በውስጡ ያሉት ሰዎች ተጣልተው ወይም ተስማምተው መኖራቸውን ግን አያሳይም። የአከርካሪ ሥዕልም እንዲሁ ቅርጽን እንጂ ስሜትን አይናገርም። እኛም በባሕር ማዶ ስንማር በመጀመሪያ የታዘዝነው በሽተኛውን መጠየቅና መመርመር፣ ሥዕሉን ማየት ግን ከዚያ በኋላ ነበር።

3ኛ. በወረቀቱ ላይ የሚገኙ ቃላት

ወረቀቱ አጥንቶቹን በፊደልና በቍጥር ይጠራቸዋል። የወገብ አጥንቶች ከ«ኤል 1» እስከ «ኤል 5» ይባላሉ፤ ከእነርሱ በታች ያለው «ኤስ 1» ነው። ስለዚህ «ኤል 4–ኤል 5» ማለት በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ማለት ነው። የሰውነት ክብደት በታችኛው ወገብ ላይ ስለሚበዛ አብዛኛው የዲስክ ለውጥ የሚገኘው በዚህና ከእርሱ በታች ባለው ዲስክ ላይ ነው። ዘወትር የሚገኙት ቃላት እነዚህ ናቸው፦

«ዲጀነሬሽን» — ዲስኩ ከዕድሜ ጋር ውሃው መቀነሱንና መሳሳቱን ይገልጻል።

«ባልጅ» — የዲስኩ ጠርዝ ዙሪያውን ጥቂት ወደ ውጭ መነፋቱን ያመለክታል።

«ፕሮትሩዥን» — ዲስኩ በአንድ ወገን ብቻ ጎልቶ መውጣቱ ነው።

«ኤክስትሩዥን» — የውስጡ ልስልስ ነገር በተሰነጠቀው ሽፋን አልፎ ማፈትለኩ ነው። አስፈሪ ቢመስልም፣ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ያፈተለከውን ነገር ሰውነት ራሱ በወራት ውስጥ እየበላ ያሳንሰዋል።

«ኦስቲዮፋይት» — በአጥንቱ ጠርዝ ላይ በዕድሜ ብዛት የሚበቅል ትንሽ የአጥንት ቅጥያ ነው።

«ስቴኖሲስ» — ነርቮቹ የሚያልፉበት ቦይ መጥበቡ ነው። ጥበቱ ብርቱ ሲሆን ሰውየው ጥቂት እንደ ተራመደ እግሩ ይከብደዋል ወይም ይደነዝዘዋል፤ ሲቀመጥ ወይም ወደ ፊት ጐንበስ ሲል ይሻለዋል።

4ኛ. ጤነኞች በተመረመሩ ጊዜ ምን ተገኘ?

እስካሁን የዘረዘርነው ሁሉ በሽታ ይመስል ይሆናል። ሊቃውንት ግን አንድ ብልኅ ጥያቄ ጠየቁ፤ ይኸውም «ወገቡን ከቶ የማያመው ሰው ቢመረመር ምን ይታይ ይሆን?» የሚል ነው። በ1994 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በታተመ ጥናት የወገብ ሕመም የሌለባቸው 98 ሰዎች በኤም አር አይ ተመረመሩ። ከመቶው 52ቱ ቢያንስ በአንድ ቦታ የተነፋ ዲስክ፣ ከመቶው 27ቱ ደግሞ ጎልቶ የወጣ ዲስክ ተገኘባቸው። ዲስኮቻቸው ሁሉ ያለ እንከን የተገኙት ከመቶው 36ቱ ብቻ ነበሩ።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሕመም በሌለባቸው 3,110 ሰዎች ላይ የተደረጉ 33 ጥናቶች ባንድነት ተመዘኑ። በ20 ዓመት ዕድሜ ከመቶው 37ቱ የዲስክ መሳሳት ታየባቸው፤ በ50 ዓመት ከመቶው 80ው፣ በ80 ዓመት ከመቶው 96ቱ። የተነፋ ዲስክም በ20 ዓመት ከመቶው በ30ው፣ በ50 ዓመት ከመቶው በ60ው ላይ ተገኘ። እነዚህ ሁሉ ወገባቸውን የማያማቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ጠጕር ሲሸብት፣ ፊት ሲጨማደድ በሽታ ያዘኝ እንደማንል ሁሉ፣ በወረቀቱ ላይ ከሚጻፉት ቃላት ብዙዎቹ የአከርካሪ ሽበት መሆናቸውን ነው። ይህ ማለት ግን ሥዕሉ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሕመሙ ከወገብ ተነሥቶ በቀኝ መቀመጫ በኩል እስከ እግር ጣት ቢወርድ፣ ሐኪሙም ሲመረምር የዚያው እግር ኃይል መቀነሱን ቢያገኝ፣ ሥዕሉም በዚያው ወገን ነርቭ ተጭኖ ቢያሳይ፣ ሦስቱ ምስክሮች ተስማሙ ማለት ነው። ሥዕሉ ብቻውን ሲመሰክር ግን ፍርድ አይሰጥበትም።

5ኛ. አንድ ወረቀት፣ ሁለት ዕድል

ለምሳሌ ያህል ዕድሜያቸው 45 ዓመት የሆነ ሁለት መምህራን እናስብ። ሁለቱም ወገባቸውን ያማቸዋል፤ በሁለቱም ወረቀት ላይ «የኤል 4–ኤል 5 ዲስክ ባልጅና ዲጀነሬሽን» ተብሎ ተጽፏል። የመጀመሪያው «ዲስክህ አልቋል፤ ከእንግዲህ ጐንበስ አትበል፤ ዕቃም አታንሣ» ተባለ። ስለ ፈራ መራመድ ተወ፤ ፈቃድ ወስዶ ተኛ። በተኛ ቍጥር ጡንቻው ሰለለ፤ ጡንቻው ሲሰልል ጥቂት መቆም እንኳ አመመው። ሕመሙ ሲብስ «ወረቀቱ እውነቱን ነው» አለና ይብሱን ፈራ። ከዚህ በኋላ ደመወዙ፣ ማዕረጉና የቤቱ ሰላም ተራ በተራ ይናጋሉ።

ሁለተኛው ግን «ይህ በዕድሜህ ካሉት ሰዎች በሚበዙት ዘንድ የሚገኝ ለውጥ ነው፤ ሕመምህ እውነት ነው፣ ወገብህ ግን ጠንካራ ነው፤ ቀስ በቀስ ተንቀሳቀስ» ተባለ። ሕመሙ ባንድ ቀን አልለቀቀውም፤ ነገር ግን በየቀኑ እየተራመደ፣ በየትምህርት ክፍለ ጊዜው አንዴ እየቆመ አንዴ እየተቀመጠ ሥራውን ቀጠለ። የሁለቱን ሰዎች መንገድ የለየው አጥንታቸው ሳይሆን የሰሙት ቃል ነው።

6ኛ. ሳይዘገይ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

ከወገብ ሕመም አብዛኛው ክፉ በሽታ ያላስከተለው ነው። የሚከተሉት ምልክቶች ሲታዩ ግን ሥዕልም ምርመራም ያስፈልጋል፦

ሀ) ሽንት እምቢ ካለ ወይም ሳያስቡት ካመለጠ፣ ሰገራን መቆጣጠር ካልተቻለ፣ በኮርቻ ላይ የሚቀመጠው የገላ ክፍል ከደነዘዘ፣ ወይም ሁለቱም እግሮች ከዛሉ፣ የፈረስ ጭራ የመሰሉት ነርቮች ተጨፍልቀዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በሰዓታት የሚቈጠር አጣዳፊ ነገር ነውና በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ለ) የአንድ እግር ኃይል ዕለት ከዕለት እየቀነሰ ከሄደ።

ሐ) ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከሕመሙ ጋር ከተገኙ። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም አከርካሪንም እንደሚያጠቃ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በጊዜው ሲታወቅ በመድኃኒት ይድናል፣ ችላ ሲባል ግን ጀርባን ያጐብጣል፤ እግርንም ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ካልተፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስም እንዲህ ያለውን ሕመም ያመጣል።

መ) ከዚህ ቀደም የካንሰር ሕመም የነበረበት ሰው አዲስ የወገብ ሕመም ሲጀምረው፤ ከከፍታ ወድቆ ወይም በመኪና አደጋ ተጎድቶ ሲያመው፤ በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ በቀላል መውደቅ እንኳ ቢታመም።

እነዚህ ምልክቶች እያሉ ወደ ወጌሻ ሄዶ ጀርባን በኃይል ማስረገጥና ማስታሸት ብርቱ አደጋ አለው፤ በነቀርሳ የተበላ አጥንት ይሰበራልና። ምልክቶቹ ከሌሉ ግን ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥዕል ለማስነሣት መቸኰል አያስፈልግም፤ ብዙው ሕመም በዚያው ጊዜ ውስጥ ይቀላልና።

7ኛ. ከቈየ ሕመም ጋር እንዴት ይኖራል?

ከ3 ወር በላይ የዘለቀ ሕመም የቈየ ሕመም ይባላል። ሕመም በተፈጥሮው የሰውነት ዘብ ነው፤ ጉዳት ሲመጣ ይጮኻል። ለረጅም ጊዜ ሲጮኽ የኖረ ዘብ ግን ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቍጥር መጮኽ ይለምዳል። የቈየ ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ነርቮቹ ከመጠን በላይ ንቁ ሆነው ጉዳት በሌለበትም ያስጠነቅቃሉ። ስለዚህ ታማሚውን «አታስመስል» ማለት ግፍ ነው፤ ሕመሙ እውነት ነው። እንዲሁም «በታመምክ ቍጥር አጥንትህ እየፈረሰ ነው» ማለት ስሕተት ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ጭንቀትና ብቸኝነት ዘቡን ይበልጥ ያስጮኹታል።

መተኛት እንደማይጠቅም የታወቀው ዛሬ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ከተማ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ወገባቸውን ሲያማቸው ለ2 ቀን እንዲተኙ ከታዘዙት ይልቅ የዕለት ሥራቸውን አቅም በፈቀደ መጠን የቀጠሉት ፈጥነው ዳኑ። በ2024 ዓ.ም. ደግሞ በአውስትራሊያ ከወገብ ሕመም ባገገሙ 701 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሟል። ቀስ በቀስ እየጨመሩ በሳምንት 5 ቀን 30 ደቂቃ ያህል ወደ መራመድ እንዲደርሱ የተመከሩትና የታገዙት፣ ሕመሙ እስኪመለስባቸው ድረስ በአማካይ ልኬት 208 ቀን ቈዩ፤ ይህ ያልተደረገላቸው ግን 112 ቀን ብቻ። ለእግር ጕዞ የሚከፈል ገንዘብ የለም፤ መድኃኒቱ በደጃችን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ስለ ሕመሙ ትምህርት መስጠትን፣ የአካል እንቅስቃሴን፣ መታሸትን የመሰለ የአካል ሕክምናንና ፍርሃትን የሚያቀልል የሥነ ልቡና ምክርን ደግፏል። የወገብ ማሰሪያ ቀበቶን፣ ወገብን በመሣሪያ መጎተትን፣ እንደ ትራማዶል ያሉትን ከኦፒየም ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ግን ለዚህ ሕመም አልደገፈም። ኢቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለጥቂት ቀን ሊያስታግሡ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለወራት መውሰድ፣ በመርፌም መወጋት ተገቢ አይደለም።

ለዕለት ኑሮ ደግሞ ይህን እናስታውስ። እንቅስቃሴን በትንሹ እንጀምር፤ ዛሬ 5 ደቂቃ የተራመደ በሚቀጥለው ሳምንት 7 ደቂቃ ይራመድ። ሕመም በቀለለበት ቀን ሥራውን ሁሉ ባንዴ ጨርሶ በማግሥቱ ከመውደቅ፣ በየቀኑ የተመጠነ መሥራት ይሻላል። በአንድ አኳኋን ብዙ አንቈይ፤ ደብተር የሚያርም መምህር በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥቶ ይንጠራራ፤ በርጩማ ላይ የምትቀመጥ እመቤትም እንዲሁ። ውሃ የሚቀዳ ሰው አንዱን ትልቅ ጀሪካን በሁለት ትንንሽ ይከፍል። ከዕድርና ከማኅበር አንቅር፤ ከሰው የተለየ ሰው ሕመሙን ብቻ ሲያዳምጥ ይውላልና።

ቀዶ ሕክምናን በሚመለከት፣ በሥዕሉ ላይ የተነፋ ዲስክ መታየቱ ብቻ ለቢላዋ ምክንያት አይሆንም። ነርቭ ተጭኖ ብርቱ የእግር ሕመም ሲያስከትል፣ በሳምንታት ሕክምናም ሳይቀልል ሲቀር፣ ወይም ኃይል እየቀነሰ ሲሄድ ግን ቀዶ ሕክምና ይጠቅማል። በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ከመቸኰል በፊት የሁለተኛ ሐኪም አሳብ መጠየቅ ነውር አይደለም።

8ኛ. ወረቀቱ ሲቀርብልን

እንግዲህ ጎረቤታችን ወረቀቱን ይዞ ሲመጣ፣ በመጀመሪያ ከላይ የተዘረዘሩትን የአደጋ ምልክቶች እንጠይቀው፤ ካሉበት ሳንውል ሳናድር ወደ ሆስፒታል እንላከው። ከሌሉበት ቃላቱን በቀስታ እንተርጕምለት፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በጤነኞችም ላይ እንደሚገኙ እንንገረው፤ ፍርድ ግን አንስጥ፤ ፍርዱ የመረመረው ሐኪም ነው። ከዚያም ሐኪሙን የሚጠይቃቸውን ሦስት ጥያቄዎች በቍራጭ ወረቀት ላይ በአማርኛ ጽፈን እንስጠው፦

«በሥዕሉ ላይ የታየው ከሕመሜ ቦታና ከምርመራው ጋር ይስማማል ወይ?»

«በዕድሜዬ ካሉ ጤነኞች የተለየ ነገር አለብኝ ወይ?»

«ከዛሬ ጀምሮ የትኛውን እንቅስቃሴ ልጀምር?»

የተማረ ሰው በሰፈሩ ውስጥ አደራ አለበት። ባዕድ ቃል የጻፈውን ፍርሃት በገዛ ቋንቋችን ማቅለል የዚያ አደራ አንዱ ክፍል ነው። ታማሚው ከእኛ ዘንድ ሲወጣ ወደ አልጋው ሳይሆን ወደ መንገዱና ወደ ሥራው የሚያመራ ከሆነ፣ ወረቀቱን በሚገባ አንብበንለታል።